የተንጋደደ ጎማ ለምን ይፈጥናል?

አላይመንት ሲባል አብዛኛው ባለመኪና የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ መሪው ወደ ጎን መሳቡን እንዲተውና ጎማው በአንድ በኩል ብቻ እንዳይበላ። መኪናው ማሽኑ ላይ ይወጣል፤ ስክሪኑ ላይ ያሉት ቀይ ቁጥሮች አረንጓዴ እስኪሆኑ ብሎን ይላላል፣ ይጠብቃል፤ ሒሳብ ይከፈላል፤ አለቀ። እዚያው ማሽን ላይ የእሽቅድምድም መኪና ቢወጣ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ይሆናል። የድሪፍት መኪና ቢወጣ ደግሞ የፊት ጎማዎቹ አናታቸው ወደ ውስጥ ተደፍቶ ይታያሉ፤ ሥራ የሚያውቅ መካኒክ ሳይቀር ኩሽኔታው ሄዷል ብሎ ሊጠረጥር ይችላል። ግን አንዱም በብልሽት የመጣ አይደለም። ታስቦበት፣ በዲግሪና በሚሊሜትር ተለክቶ የተደረገ ነው።

«ለድሪፍት ስንት ካምበር ልስጥ?» «ለትራክ ቶው ስንት ይሁን?» ብሎ የሚጠይቅ ወጣት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ከየትኛው መኪና፣ ከየትኛው ጎማ፣ ከምን ዓይነት አስፋልት እንደመጣ አይነገረውም። ጉዳዩን ከሥሩ ለተመለከተ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከቁጥሮቹ ጀርባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በዚያች ቅጽበት ጭነቱን የተሸከመው ጎማ መሬት ላይ እንዴት ተቀምጧል የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሌለው ቁጥር ከሻምፒዮን መኪና ላይ ቢቀዳም አይረባም። ሁለተኛም፣ ድሪፍት መኪና ኋላዋ በደንብ እንዲያዳልጥ ተደርጎ ይስተካከላል የሚለው የተስፋፋ እምነት ከእውነቱ ጋር ፊትና ጀርባ ነው። ወደዚያ ቀስ ብለን እንደርሳለን።

በቅድሚያ ሦስቱን ማዕዘኖች እንለይ። መኪናውን ከፊት ለፊቱ ቆመን ስንመለከት ጎማው ከቱንቢ መስመር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ካምበር ይባላል፤ አናቱ ወደ መኪናው ካዘነበለ ኔጌቲቭ፣ ወደ ውጭ ካዘነበለ ፖዘቲቭ ነው። ከላይ ወደ ታች ስናይ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ መጠጋጋቱ ቶው ኢን፣ ወደ ውጭ መራራቁ ቶው አውት ነው። ካስተር ደግሞ ከጎን የሚታይ ነው፤ ጎማው በመሪ ሲታዘዝ የሚዞርበት ምናባዊ ዘንግ አናቱ ወደ ኋላ የተጋደመበት መጠን ነው። በእነዚህ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ሲታጠፉ እኩል ይታጠፉ ወይስ አንዱ ይብለጥ የሚለው የአከርማን ጉዳይ ይጨመራል።

አሁን ወደ ጎማው። ጎማ መሬትን የሚነካው በመዳፍ በሚሸፈን ቦታ ብቻ ነው፤ መኪናው የሚፈጥነው፣ የሚቆመውና የሚታጠፈው በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። ጎማ ደግሞ ወደሚያመለክትበት አቅጣጫ በትክክል አይሄድም። ኩርባ ላይ ላስቲኩ ይጠመዘዛል፤ ጎማው በሚያይበትና በእውነት በሚሄድበት መካከል የመንሸራተት ማዕዘን የሚባል ትንሽ ማዕዘን ይፈጠራል። የመያዝ ኃይል የሚወለደው ከዚያች ማዕዘን ነው። ማዕዘኗ ስትጨምር ኃይሉም ይጨምራል፣ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን መቀነስ ይጀምራል። የትራክ እሽቅድምድም ጥበብ አራቱንም ጎማዎች እዚያ ጫፍ ላይ ይዞ መቆየት ነው። ድሪፍት ግን የኋላ ጎማዎችን ከጫፉ ማዶ አሻግሮ፣ የፊቶቹን እዚያው ጫፍ አካባቢ አስቀርቶ መኪናውን ጎኑን አስይዞ መንዳት ነው። ሁለቱ ስፖርቶች የሚጠቀሙት ያንኑ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ሳለ ቁጥሮቻቸው የሚለያዩት ከዚህ የተነሳ ነው።

ከትራክ እንጀምር፤ ከካምበር። መኪና በፍጥነት ወደ ግራ ሲታጠፍ ቦዲው ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ ክብደቱም ቀኝ ጎማዎች ላይ ይወድቃል። ቦዲው ሲጋደም ጎማውንም አብሮ ይገፈትረዋል፤ ቆሞ ሳለ ቀጥ ብሎ የነበረው የቀኝ ጎማ አናቱ ወደ ውጭ ይዞርና በውጭ ጠርዙ ብቻ መሬት ይቧጥጣል። ይህ እንዳይሆን አስቀድሞ ወደ ውስጥ ደፍተን እናስቀምጠዋለን፤ ኩርባው ላይ ሲደርስ መጋደሙ ያቃናዋል፣ መዳፉም ሙሉ በሙሉ ያርፋል። ምን ያህል እንድፋው የሚለው በእግሩ (በሰስፔንሽኑ) አሠራር ይወሰናል። በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ያለው የማክፈርሰን እግር ቦዲው ሲጋደም ካምበሩን ብዙም አያስመልስም፤ ስለዚህ ከፍ ያለ መነሻ ኔጌቲቭ ይጠይቃል። ላይና ታች ሁለት ክንድ ያለው እግር ግን ሲጨመቅ በራሱ ኔጌቲቭ እየጨመረ ስለሚሄድ ባነሰ ይበቃዋል። በመንገድ ጎማ ትራክ ላይ ለሚሮጥ መኪና የፊቱ ከ1.5 እስከ 2.5 ዲግሪ ኔጌቲቭ፣ በከፊል የውድድር ጎማ ደግሞ ከ2.5 እስከ 3.5 ዲግሪ የተለመደ መነሻ ነው። መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም።

የጎማው ውስጣዊ አሠራርም ድርሻ አለው። ሚሽሊን ራዲያል ጎማን ይዞ ፎርሙላ 1 የገባው ከሬኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። የራዲያል ጎማ ጎኑ ከቀድሞው ይልቅ ልል በመሆኑ ኩርባ ላይ ከቸርኬው ሥር ወደ ጎን ይሸሻል፤ መዳፉን አስተካክሎ ለማሳረፍም የበለጠ ኔጌቲቭ ካምበር ይወዳል። ከዚያ በፊት በነበሩት ጎማዎች ዘመን የተጻፈ ምክር ዛሬ ላይ ቃል በቃል የማይሠራው ለዚህ ነው።

ካምበር ግን በነጻ አይገኝም። ቀጥታው ላይ መኪናው የሚሄደው በጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ነው፤ ጠርዙ ይግላል፣ ፍሬን ሲያዝም መዳፉ ግማሽ ነው። ይህ ዋጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል በ2011 በቤልጂየም ስፓ የፎርሙላ 1 ውድድር ላይ ታይቷል። የጎማ አምራቹ ፒሬሊ ለፊት ጎማዎች ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ መክሮ ነበር፤ ሬድ ቡል ግን ከዚያ አልፎ ነበር የሄደው። ከማጣሪያው በኋላ የፊት ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ በሙቀት ፊኛ አውጥቶ ተገኘ። ቡድኑ ጎማ መቀየርም ሆነ ካምበሩን መንካት ያለ ቅጣት አይችልም ነበር፤ ስለዚህ አሽከርካሪው ሴባስቲያን ፌተል ሥጋት ይዞ ወጣ፣ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ገብቶ ጎማውን ቀየረ፣ በመጨረሻም ውድድሩን አሸነፈ። አሸናፊነቱ ግን ክርክሩን አልዘጋውም፤ ከዚያ በኋላ የአምራቹ ገደብ ምክር መሆኑ ቀርቶ እንዲከበር የሚጠበቅ ልክ ወደ መሆን አመራ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2013 በሲልቨርስተን የበርካታ መኪኖች የኋላ ጎማ ውድድር ላይ ሳለ ሲፈነዳ ፒሬሊ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች መካከል ጎማዎቹ በተገላቢጦሽ ጎን መታሰራቸው፣ ዝቅተኛ የጎማ ንፋስና ከልክ ያለፈ ካምበር ይገኙበታል። ካምበር የፍጥነት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው፤ የነፍስም ጉዳይ ነው።

ልኩ መገኘቱ በምን ይታወቃል? በዓይን አይደለም። መኪናው ሮጦ እንደገባ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ በመርፌ የሚወጋ የሙቀት መለኪያ ይዞ ጎማውን በሦስት ቦታ መውጋት ነው፦ የውስጥ ጠርዝ፣ መሐሉ፣ የውጭ ጠርዝ። ለምሳሌ ውስጡ 92፣ መሐሉ 88፣ ውጩ 84 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያሳይ ጥሩ ነው፤ ውስጡ ትንሽ መሞቁ የሚጠበቅ ነው። ውስጡ 105፣ ውጩ 75 ካለ ካምበሩ በዝቷል። ውጩ ከውስጡ ከሞቀ አንሷል። መሐሉ ከሁለቱም ጠርዞች ተለይቶ ከጋለ ደግሞ ጥፋቱ የካምበር ሳይሆን የንፋስ ነው፤ ጎማው ከመጠን በላይ ተነፍቷል። አሜሪካዊው ካሮል ስሚዝ በ1978 ባሳተመው «ቱን ቱ ዊን» በተባለው መጽሐፉ እንዲህ ያለውን መስክ ላይ የሚሠራ ዘዴ ለተራው ተወዳዳሪ አድርሷል፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ረቋል እንጂ አመክንዮው አልተለወጠም። እኔ እስከማየው ድረስ በዚህ ዘርፍ ከሚባክነው ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሚባክነው ይህን ርካሽ መርፌ ሳይገዙ ውድ እግር በሚገዙ ሰዎች ነው።

ቶው የሚገባውን ያህል አይወራለትም። ካምበር ይታያል፣ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ቶው በዓይን አይታይም፤ ሆኖም መኪናውን ከማንም ይበልጥ የሚቀይረው እሱ ነው። ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ዲያሜትሩ 432 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የቸርኬው የፊት ጠርዝ ከኋላው ጠርዝ በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ፣ ያ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ወደ 2.3 ሜትር ያህል ወደ ጎን መሄድ ይፈልጋል። መሄድ አይችልም፤ ባልንጀራው በሌላው በኩል ወደ እሱ ይገፋዋል። ስለዚህ ሁለቱም እየተፋጩ ይሄዳሉ። ሙቀት የሚመጣው፣ ላስቲክ የሚያልቀው ከዚህ ነው፤ የመኪናው ጠባይም የሚቀረጸው ከዚሁ ነው።

ከፊት ትንሽ ቶው አውት መስጠት ትራክ ላይ የተለመደ ነው። መኪናው ወደ ኩርባ ሲገባ መሪውን ገና እንደነኩት ይታዘዛል፤ ቀጥታው ላይ ግን እረፍት የለውም፣ አስፋልቱ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ጎድጓዳ ይከተላል። ከኋላ ነገሩ ይገለበጣል። የኋላ ጎማዎች ቶው አውት ከሆኑ ጭራው በትንሹም በትልቁም ያመልጣል፤ ስለዚህ በኋላ ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ መጠነኛ ቶው ኢን ይሰጣል። በፊት ጎማ የሚነዱት ብቻ፣ አፍንጫቸው ኩርባ ላይ አልታጠፍ እያለ ስለሚያስቸግር፣ አንዳንድ ጊዜ ከኋላ ሆን ተብሎ ቶው አውት ይደረግላቸዋል። አሽከርካሪው ልምድ ከሌለው ግን ይህ አደገኛ ነው፤ በተለይ እርጥብ አስፋልት ላይ ጭራው ሳያስጠነቅቅ ይዞራል።

እዚህ ላይ የፖርሽ 928ን የኋላ እግር ማንሳት ግድ ይላል። ችግሩ የታወቀ ነበር፦ ኩርባ መሐል አሽከርካሪው ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ ጎማው ወደ ኋላ ይጎተታል፣ የእግሩ ጎሚኒዎች ይለጠጣሉ፣ ጎማውም በዚያችው ቅጽበት ወደ ቶው አውት ይዞራል። በዚህም ምክንያት መኪናው መረጋጋት በሚያስፈልገው ሰዓት ጭራው ያመልጣል። የፖርሽ መሐንዲሶች በ1977 ያወጡት፣ ቫይሳክ አክስል የተባለው እግር የጎሚኒውን ልልነት ለመከላከል አልሞከረም፤ ተጠቀመበት። ያው መጎተት ጎማውን ወደ ቶው ኢን እንዲያዞር ማያያዣዎቹን አቀናጁ። አሽከርካሪው ሲደነግጥ መኪናው የሚረጋጋበት መንገድ ተገኘ። ትምህርቱ ለውድድር መኪናም ይሠራል፤ ማሽኑ ላይ ቆሞ የሚነበበው ቁጥርና በፍጥነት ላይ ያለው ቁጥር አንድ አይደሉም። ያረጀ ጎሚኒ ያለው መኪና ላይ የዲግሪ አንድ አሥረኛን ማስተካከል ውሃ መውቀጥ ነው።

የቶው ጉዳይ በዓለም አደባባይ የወጣው በ2020 ነው። የካቲት ወር ላይ በባርሴሎና የፎርሙላ 1 ልምምድ ሲደረግ የመርሴዲሱ ሉዊስ ሃሚልተን ቀጥታው ላይ መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ፣ ኩርባው ሲቃረብ መልሶ ሲገፋው በካሜራ ታየ። መርሴዲስ ዲኤኤስ ያለው ይህ ዘዴ መሪው ሲሳብ የፊት ጎማዎቹን ቶው ይለውጣል። በትራክ አንድ አሽከርካሪ ቀጥታው ላይ የሚፈልገውና ኩርባ ሲገባ የሚፈልገው ቶው ይለያያል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉም ሰው በመካከላቸው ያለውን እያማረጠ ይኖር ነበር። መርሴዲስ ሁለቱንም ወሰደ፤ ጎማ ለማሞቅም ተጠቀመበት። በኦስትሪያው ውድድር ሬድ ቡል ያቀረበው አቤቱታ ውድቅ ተደረገ፤ ለ2021 ግን ደንቡ ዘዴውን ከለከለው።

በክብ ትራክ ላይ የሚሮጡትን አሜሪካውያን መኪኖች ባጭሩ እንለፋቸው። ኢንዲያናፖሊስ ላይ መታጠፍ ያለው ወደ ግራ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የቀኝ ፊት ጎማ ኔጌቲቭ፣ የግራው ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ሁለቱም ወደ ግራ ይደፋሉ። መኪናውን የመንገድ መኪና በሚለካበት ዓይን ለሚያይ ሰው የተጣመመ ነው፤ ለሥራው ግን የተቃና ነው።

አከርማን የሚባለው አቀማመጥ ከሞተር በፊት የተወለደ ነው። ሙኒክ የነበረው ሠረገላ ሠሪ ጌዮርግ ላንከንስፐርገር ፈለሰፈው፤ ሩዶልፍ አከርማን በ1818 በእንግሊዝ የባለቤትነት መብት አስመዘገበለት፣ ስሙም በዚያው ለአከርማን ቀረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሠረገላ ሲታጠፍ የውስጡ መንኮራኩር ከውጩ ይልቅ ጠበብ ያለ ክብ ይስላል፤ ስለዚህ የበለጠ መታጠፍ አለበት። ለፈረስ እርምጃና ለመኪና ማቆሚያ ይህ ፍጹም ትክክል ነው። በውድድር ፍጥነት ግን የውስጡ ጎማ ክብደቱ ተነሥቶለት ቀልሏል፤ ሥራው ያለው በውጩ ጎማ ላይ ነው፤ ከባድ ጭነት የተሸከመ ጎማ ደግሞ ከፍተኛ ኃይሉን የሚሰጠው በሰፋ የመንሸራተት ማዕዘን ነው። ስለዚህ ፎርሙላ 1 ላይ የውጩ ጎማ ከውስጡ በላይ የሚታጠፍበት፣ ከአከርማን ተቃራኒ የሆነ አቀማመጥ ይታያል።

ካምበርን እስከ መጨረሻው ድረስ ያስኬደው ሰው አሜሪካዊው ዊልያም ሚሊከን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ዋትኪንስ ግለን ላይ ቡጋቲውን የገለበጠበት ኩርባ እስካሁን በስሙ ይጠራል። ኋላ ላይ የሠራው ኤምኤክስ-1 የተባለ መኪና አራቱም ጎማዎቹ እንደ ሞተር ብስክሌት ጎማ አጥብቀው የተጋደሙ ነበሩ፤ ከመንሸራተት ማዕዘን ይልቅ ከማዘንበል የሚገኘውን ኃይል ብቻ ለመጠቀም። ውድድር አልለወጠም፣ ካምበር ራሱን የቻለ ኃይል መሆኑን ግን በዓይን አሳየ። ከልጁ ከዳግላስ ጋር በ1995 ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም የዘርፉ ዋና ማጣቀሻ ነው።

ወደ ድሪፍት እንሻገር። ኩኒሚትሱ ታካሃሺ በ1970ዎቹ በጃፓን የመኪና ውድድሮች ላይ ኩርባ ውስጥ መኪናውን በጎኑ እያንሸራተተ ይገባ ነበር፤ እሱን አይቶ ያደገው ኬይቺ ቱሱቺያ ዘዴውን ወደ ተራራ መንገዶች ወስዶ በዓለም አሳወቀው። የቱሱቺያ መኪና ኤኢ86 የሚባለው፣ በአገራችን መንገድ ላይ ስሙ እንግዳ ያልሆነው የኮሮላ ቤተሰብ አባል ነው። ዲ1 ግራንድ ፕሪ በ2001 በጃፓን፣ ፎርሙላ ድሪፍት በ2004 በአሜሪካ ሙሉ የውድድር ዘመን ጀመሩ። ዳኞች የሚያዩት ሰዓት ሳይሆን መስመር፣ ማዕዘንና አነዳድ ነው፤ በመቀጠልም ሁለት መኪኖች ተከታትለው ይነዳሉ፣ ተከታዩ ከመሪው ጎን ሳይርቅ እንዲቀዳው ይጠበቃል።

የድሪፍት እግር ልብ ካስተር ነው። መኪናው ጭራው ሲያመልጥ ፊቱ ወደ ኩርባው ውስጥ ቢያይም ጉዞው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ካስተር ያለው ጎማ መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ ጎማው መኪናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ በራሱ ይዞራል። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ጭራው እንደወጣ መሪውን ይለቀዋል፤ መሪው በመዳፎቹ መካከል በራሱ እየተሽከረከረ ወደ ተቃራኒው ይሮጣል፣ በሚፈልግበት ቦታ ያዝ ያደርገዋል። የመንገድ መኪና በ3 እና በ7 ዲግሪ መካከል ካስተር ይዞ ሲመጣ፣ ድሪፍተኞች ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 የሚያደርሱት ለዚህ ነው። ካስተሩ ካነሰ መሪው ይዘገያል፤ አሽከርካሪው በእጁ ማሯሯጥ ይገባዋል፣ አቅጣጫ ሲቀያይርም ይቀደማል።

ካስተር ሌላም ሥራ አለው፤ የድሪፍት መኪና የፊት ጎማዎች ለምን እንደዚያ እንደሚንጋደዱ የሚያስረዳውም እሱ ነው። መኪናው ወደ ግራ በሚታጠፍ ኩርባ ላይ እየተንሸራተተ ነው እንበል። ክብደቱ ቀኝ ላይ ነው፤ ሥራ የሚሠራው የቀኝ ፊት ጎማ ነው። መሪው ግን ወደ ቀኝ ተጠምዝዟል። ካስተር ጎማ ሲታጠፍ ካምበሩን ይለውጣል፤ በትራክ ላይ የውጩን ጎማ ኔጌቲቭ ስለሚጨምርለት ወዳጅ ነው። እዚህ ግን መሪው ወደ ተቃራኒ ስለዞረ ውጤቱ ይገለበጣል፤ ጭነቱን የተሸከመው የቀኝ ጎማ ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳል። ካስተሩ 8 ዲግሪ ሆኖ ጎማው 50 ዲግሪ ቢታጠፍ ለውጡ በግርድፉ 6 ዲግሪ ይደርሳል፤ የመዞሪያው ዘንግ ወደ ውስጥ ማዘንበሉም በላዩ ይጨምርበታል። እንግዲህ ቆሞ ሳለ 5 ወይም 6 ዲግሪ ኔጌቲቭ የነበረው ጎማ፣ ያ ሁሉ ሲነሣበት በድሪፍቱ መሐል ቀና ብሎ መሬት ላይ ያርፋል። መንጋደዱ ለፉከራ ከሆነ ከንቱ ነው፤ ከካስተሩና ከመሪው የማጠፍ መጠን ጋር ተሰልቶ ከመጣ ግን በቦታው ነው። ጎማው 35 ዲግሪ ብቻ በሚታጠፍበትና እግሩ ባልተነካ መኪና ላይ 6 ዲግሪ መስጠት ግማሽ ጎማ መጣል ነው።

የማጠፍ መጠኑን ለማሳደግ የሚገጠሙት ክፍሎች ራሳቸው የዘመኑ ዋና ለውጥ ናቸው። የፋብሪካ መኪና የፊት ጎማው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል፤ እንደ ኢስቶኒያው ዋይዝፋብ ያሉ ሠሪዎች የሚያወጧቸው እግሮች ከ60 በላይ ያደርሱታል። ያን ያህል ሲታጠፍ የፋብሪካው አከርማን ችግር ይሆናል። ጭነቱ የቀለለው የፊት ጎማ ጭነቱን ከተሸከመው ጋር ስለማይስማማ እየተጎተተ መኪናውን ያዘገየዋል፤ የመሪ ዘንጎቹም ከመጠን አልፈው መመለስ ሊያቅታቸው ይችላል። ስለዚህ አብዛኞቹ አከርማንን ይቀንሳሉ፣ ሁለቱን ጎማዎች ወደ እኩልነት ያቀርባሉ። ምን ያህል መቅረት አለበት በሚለው ላይ ሠሪዎቹ አልተስማሙም። በእኔ ግምት አለመስማማታቸው ተገቢ ነው፤ ጉልበቱ የበዛ መኪና ጎማው ቢጎተትም ያሸንፈዋል፣ ጉልበቱ አነስተኛ የሆነው ግን በዚያው ይቆማል። ለሁለቱም አንድ መልስ ሊኖር አይችልም።

አሁን ወደ ኋላ እግር። ጀማሪ ሲያስብ፣ መኪናው መንሸራተት አለበት፤ ስለዚህ የኋላ ጎማ እንዳይዝ ላድርገው ይላል። ያረጀ ጎማ ያስራል፣ ንፋስ ይሞላዋል፣ ካምበሩን ያበዛል። ጭራው በቀላሉ ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪናው አይሄድም። ጎኑን ይዞ ባለበት ይዋኛል፣ ጭስ ብቻ ይወጣል፣ ከፊቱ ያለውን መኪና መከተል አይችልም። የላይኛው ደረጃ ላይ ያሉ መኪኖች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ ነው። ብዙዎቹ ከ1,000 የፈረስ ጉልበት በላይ አላቸው፤ ያን ሁሉ ጉልበት መሬት ላይ ማሳረፍ የሚችል የኋላ እግር ነው የሚፈልጉት። የኋላ ካምበር ከዜሮ እስከ 1 ወይም 1.5 ዲግሪ ኔጌቲቭ ብቻ፣ ቶው ዜሮ ወይም ትንሽ ቶው ኢን፣ የጎማ ንፋስ ዝቅ ያለ፣ ላስቲኩ ለስላሳ። ካምበሩ ወደ ዜሮ የሚጠጋው ነዳጅ ሲረገጥ ጭራው ስለሚጨመቅና ጎማው በዚያን ጊዜ በራሱ ኔጌቲቭ ስለሚይዝ ነው፤ መዳፉ ሙሉ መሆን ያለበት ነዳጅ በተረገጠበት ሰዓት ነው። ድሪፍቱን የሚፈጥሩት ጉልበት፣ የእጅ ፍሬንና የክብደት መወዛወዝ ናቸው። አላይመንቱ የሚያደርገው መኪናው እየተንሸራተተ ወደፊት እንዲሄድ ማስቻል ነው።

ኤኢ86 የኋላ እግሯ አንድ ወጥ አክስል በመሆኑ ካምበርም ቶውም የሚስተካከልበት የላትም፤ ጎማዎቹ ሁልጊዜ ቀጥ ያሉ ናቸው። የድሪፍት እናት ተብላ የምትወደሰው መኪና ኋላዋ ፍጹም ቀጥ ብሎ መሥራቷ ከላይ ያለውን ነጥብ ያጠናክራል። በ1988 የወጣችው ኒሳን ሲልቪያ ኤስ13 ደግሞ ብዙ ማያያዣ ያለው የኋላ እግር ይዛ መጣች፤ እያንዳንዱን ክንድ በሚስተካከል መተካት ተቻለ። መኪናዋ ዝቅ ስትደረግ ግን የኋላ ጎማዎቿ በራሳቸው ወደ ኔጌቲቭ ይገባሉ፣ ቶውም አብሮ ይቀየራል። ሞላ አስቆርጦ ወይም አሳጥሮ ክንዶቹን ሳይነካ የሚተው ሰው፣ ሳያስበው ጎማ የሚበላና ነዳጅ ሲረገጥ የሚዋዥቅ መኪና ይረከባል።

መለካትን በተመለከተ፣ ውድ ማሽን የግድ አይደለም። ብዙ ቡድኖች ትራክ ዳር የሚሠሩት በሲባጎ ነው። ደልዳላ ቦታ ይፈለጋል፤ በውሃ ልክ ይረጋገጣል። በመኪናው ግራና ቀኝ በአራት ማቆሚያዎች ላይ የተወጠረ ሲባጎ፣ በሞዞዎቹ ከፍታ፣ ከመኪናው መሐል መስመር እኩል ርቆ ይዘረጋል። ከዚያ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው የፊት ጠርዝና እስከ ኋላ ጠርዝ በማስመሪያ ይለካል፤ ልዩነቱ ቶው ነው። ይህ ከመደረጉ በፊት ግን ጎማዎቹ በሩጫ ጊዜ የሚኖራቸው ንፋስ ይሞላል፤ ታንኩ ውስጥ ለውድድር የሚያስፈልገው ነዳጅ ይገባል፤ አሽከርካሪው ወይም ክብደቱን የሚተካ የአሸዋ ጆንያ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳይቀመጥ የተለካ መኪና፣ እሱ ሲገባ ቁመቱ ይለወጣል፣ ቁመቱ ሲለወጥ ካምበሩም ቶውም ይለወጣሉ። ቅደም ተከተሉም አለ፦ መጀመሪያ ቁመት፣ ቀጥሎ ካስተር፣ ቀጥሎ ካምበር፣ በመጨረሻ ቶው። ካምበር ሲነካ ቶው ስለሚዛነፍ፣ ቶውን አስቀድሞ የሚያስተካክል ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የለወጡትን መጻፍ፣ ጎማውን መውጋት፣ ንባቡን ከጎኑ መጻፍ። ትራኩ ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ከሰዓት ሲግል ያው ቁጥር ሌላ ንባብ ይሰጣል፤ ስለዚህ ማስታወሻው ላይ የአስፋልቱም ሙቀት ይሰፍራል። የድሪፍት መኪና ከግንብ ወይም ከባልንጀራው ጋር ከተነካካ ደግሞ፣ ቦዲው ላይ ጭረት ባይታይም እንኳ፣ ሲባጎው ዳግም መወጠር አለበት፤ የመሪ ዘንግ ጎብጦ የቸርኬው የፊት ጠርዝ ከኋላው ጠርዝ በ2 ሚሊሜትር ቢዛነፍ ከላይ እንደተሰላው ያ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ ከ4 ሜትር በላይ ወደ ጎን ሊሄድ የሚታገል ሆኖ ይወጣል።